ለቤት የፊልምና የዜማ ማከፋፈያ ሰርቨር ተስማሚውን ዕቃ ስለ መምረጥ

የምንነግድበት ክፍለ ከተማ ስሙን ያገኘው ከመሣሪያ ነው። «ንፋስ ስልክ» ማለት ሽቦ ሳይዘረጋለት በአየር መልእክት የሚያስተላልፍ ስልክ ማለት ሲሆን፤ ስያሜውም በአካባቢው ተተክሎ ከነበረው የራዲዮ ቴሌግራም ጣቢያ የመጣ ነው። በዚያን ዘመን በአየር ይተላለፍ የነበረው አጭር ቃል ነበር። ዛሬ ግን በሳሪስ፣ በጎፋ፣ በላፍቶ፣ በለቡና በጀሞ ባሉት መኖሪያ ቤቶች ሙሉ ፊልም ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ያለ ሽቦ ይሄዳል። ይህን የሚያደርገው ዕቃ «የቤት ሰርቨር» ይባላል። ደንበኞችም በየሱቁ እየመጡ ስለ እርሱ መጠየቅ ስለ ጀመሩ፤ ምን ዓይነት ዕቃ እንደሚያስፈልግ ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው፤ አስመጪው ከማዘዙ፣ ባለሱቁም በመደርደሪያው ከመደርደሩ በፊት የዕቃውን ጠባይ ማወቅ ይገባዋል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የአንድ ዶላር ዋጋ በብር ሲታሰብ ከእጥፍ በላይ ወጥቷል። ላኪው በቡና፣ በሰሊጥና በጥራጥሬ ያስገኘው ምንዛሪ ያለ ዕውቀት በተመረጠ ዕቃ ላይ ቢውል፤ ዕቃው በመጋዘን ተቀምጦ ያረጃል። ኮምፒውተር እንደ ቆርቆሮና እንደ ሚስማር ቆይቶ ዋጋውን የሚጠብቅ ዕቃ አይደለምና።

ገዢውም በበኩሉ የሚያጣው ገንዘብ ብቻ አይደለም። በቤት ሰርቨር ላይ የሚቀመጠው የውጭ አገር ፊልም ብቻ ሳይሆን፤ የሠርግና የክርስትና ቪዲዮ፣ የልጆች ፎቶግራፍ፣ በሕይወት የሌሉ ወላጆች ድምፅ ጭምር ነው። ፊልሙ ቢጠፋ ሌላ ጊዜ ይገኛል፤ የእናት ድምፅ ግን ሁለተኛ አይገኝም።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ባጭሩ እንደሚከተለው ነው። ለዚህ ሥራ የሚመደበው ገንዘብ በመሣሪያው ጉልበት ላይ ሳይሆን በዲስኩ፣ በዲስኩ ቅጂና በመብራት መጠበቂያው ላይ መዋል አለበት። ምክንያቱን በየተራው እናያለን።

1ኛ/ ሰርቨር ማለት ምን ማለት ነው?

ሰርቨር ማለት አገልጋይ ማለት ነው። ዲስክ የተገጠመለት፣ ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ የሚሠራ ኮምፒውተር ሆኖ፤ በቤቱ ውስጥ ያሉት ቴሌቪዥኖች፣ የእጅ ስልኮችና ላፕቶፖች የጠየቁትን ፊልም ወይም ዜማ ያቀብላል። ተመልካቹ ፊልሙን በሙሉ ወደ ራሱ ስልክ መገልበጥ ሳያስፈልገው እየተላለፈለት ያየዋል። ይህ አሠራር ስትሪሚንግ ይባላል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ቢኖር፤ ይህ አገልግሎት በቤት ውስጥ ሲሰጥ ኢንተርኔት የማያስፈልገው መሆኑ ነው። ፊልሙ የሚጓዘው በቤቱ ራውተር በኩል ብቻ ስለ ሆነ፤ የኢትዮ ቴሌኮምን ወይም የሳፋሪኮምን መስመር አይነካም፤ የዳታ ጥቅልም አይቀንስም። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ያህል በቆየበት ጊዜ፤ በቤቱ ዲስክ ላይ ያኖረውን ማየት ለቻለ ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነበር።

2ኛ/ የሰርቨሩ ሥራ

ሰርቨሩ ሦስት ሥራዎች አሉት፤ እነርሱም ማኖር፣ ማቀበልና አስፈላጊ ሲሆን መለወጥ ናቸው። ማኖር የዲስኩ፣ ማቀበል የገመዱና የራውተሩ፣ መለወጥ ደግሞ የፕሮሰሰሩ ሥራ ነው። ገዢውን ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ይህ ሦስተኛው ነው፤ ሆኖም ብዙውን ጊዜ ሊቀር የሚችለውም እርሱ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። አንድ የቴሌቪዥን ምስል በወርዱ 1,920 በቁመቱ 1,080 ነጥቦች ቢኖሩት፤ በሰከንድም 25 ምስሎች ቢያልፉ፤ ሳይጨመቅ በየሰከንዱ 1,244 ሚሊዮን ቢት ያህል ይሆናል። ይህን የሚሸከም የቤት መስመር የለም። ስለዚህ ምስሉ ተጨምቆ በሰከንድ 8 ሚሊዮን ቢት ያህል፤ ይኸውም ከመቶ ኃምሳ እጅ አንድ እጅ ሆኖ ይቀመጣል። የመጨመቂያው ሥርዓት ኮዴክ ይባላል። በገበያ ላይ የተለመዱት ሦስቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኤች 264፣ በ2013 የወጣው ኤች 265 እና በ2018 የወጣው ኤ ቪ 1 ናቸው። አዲሱ ከአሮጌው ይልቅ ቦታ ይቆጥባል፤ ነገር ግን አሮጌ ቴሌቪዥን አዲሱን ኮዴክ አያነብም።

ቴሌቪዥኑ የፊልሙን ኮዴክ የሚያውቅ ከሆነ፤ ሰርቨሩ እንደ ፖስተኛ ደብዳቤውን ሳይከፍት ያደርሳል። ለዚህም ትንሽ ጉልበት ይበቃዋል። የማያውቅ ከሆነ ግን፤ ሰርቨሩ ደብዳቤውን ከፍቶ፣ ወደ ሌላ ቋንቋ ተርጉሞ ማቀበል ይኖርበታል። ይህም ትራንስኮዲንግ ይባላል። ፊልሙ እየታየ ሳለ መተርጎም ስላለበት ሥራው ከባድ ነው፤ ሁለት ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲጠይቁም ክብደቱ በዚያው ልክ ይጨምራል።

በአገራችን አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ያለው ፊልም የኢትዮጵያን ፊደል በማያውቅ ቴሌቪዥን ላይ ሲታይ፤ በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሳጥኖች ይደረደራሉ። ያን ጊዜ ሰርቨሩ ጽሑፉን በምስሉ ላይ አትሞ እንዲልክ ማዘዝ ይቻላል፤ ነገር ግን ይህም ትራንስኮዲንግ ስለ ሆነ ጉልበት ይጠይቃል።

እንግዲህ መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፤ ፊልሙን በሚቀበለው በኩል ማስተካከል ሲሆን፤ ይኸውም ከአሮጌው ቴሌቪዥን ጀርባ አዳዲሶቹን ኮዴኮች የሚያነብ የቲቪ ቦክስ መሰካት ነው። በቤቱ ያለው ቴሌቪዥን አንድ ብቻ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ርካሹ መንገድ ይህ ነው። ሁለተኛው፤ የመተርጎሚያ ክፍል በውስጡ ያለውን ፕሮሰሰር መምረጥ ነው።

3ኛ/ ፕሮሰሰሩን ከቁጥሩ ስለ ማወቅ

የኢንቴል ኩባንያ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክዊክ ሲንክ የተባለ የቪዲዮ መተርጎሚያ በብዙዎቹ ፕሮሰሰሮቹ ውስጥ ያስገባል። ይህ ክፍል ሥራውን ለብቻው ስለሚያከናውን፤ ፕሮሰሰሩ ራሱ ብዙ አይደክምም። ስለዚህ ለዚህ ተግባር ትልቅነት ሳይሆን ትውልድ ይታያል።

ትውልዱን ከስሙ ማወቅ ቀላል ነው። «ኮር አይ 5» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቁጥር ባለ አራት አኃዝ ሲሆን የመጀመሪያው አኃዝ፣ ባለ አምስት አኃዝ ሲሆን ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ትውልዱን ያመለክታሉ። 6500 ስድስተኛ፣ 7500 ሰባተኛ፣ 12400 ዐሥራ ሁለተኛ ትውልድ ነው። ስድስተኛው ትውልድ ተራውን ኤች 265 ያነባል። ሰባተኛው ትውልድ ግን በ4ኬ ፊልሞች የተለመደውን ባለ 10 ቢት ኤች 265 ጭምር ያነባል። ኤ ቪ 1ን ማንበብ የጀመረው ዐሥራ አንደኛው ትውልድ ነው። ስለዚህ ለተራ ቤተሰብ ከሰባተኛ ትውልድ በታች ባይገዛ መልካም ነው።

ከቁጥሩ በኋላ የሚመጣውም ፊደል መታየት አለበት። «ቲ» የሚል ካለበት መብራት ቆጣቢ ነው። «ኤፍ» የሚል ካለበት ግን የምስል ክፍሉ የለበትም፤ ክዊክ ሲንክም የለበትም ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ፕሮሰሰር ደንበኛው በዋጋው ርካሽነት ተደስቶ ቢገዛው፤ ለትራንስኮዲንግ ሌላ የምስል ካርድ መግዛት ግድ ይሆንበታል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

4ኛ/ ከመሣሪያዎቹ የትኛው ይሻላል?

ሀ/ ያገለገሉ ትንንሽ የቢሮ ኮምፒውተሮች። ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤች ፒ ኤሊትዴስክ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር የሚባሉት ባለ ትንሽ ሣጥን ኮምፒውተሮች ለዚህ ሥራ እጅግ የተስማሙ ናቸው። እዚህ ላይ ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። የማይክሮሶፍት ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ሰባተኛውን ትውልድና ከዚያ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። በዚህ ምክንያት የውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች እነዚህን ኮምፒውተሮች እየለወጡ ወደ ገበያ ያወጧቸዋል። ለቢሮ አይሆኑም የተባሉት እነዚሁ መሣሪያዎች፤ በነፃ የሚገኘው ሊኑክስ ቢጫንባቸው ለቤት ሰርቨርነት ምንም አይጎድላቸውም። የውስጥ ሚሞሪያቸው 8 ጊጋባይት፣ የሥርዓቱ ማኖሪያ የሚሆን ኤስ ኤስ ዲ ደግሞ 256 ጊጋባይት ቢሆን ይበቃል። በአንድ እጅ የሚያዙት እጅግ ትንንሾቹ ግን ትልቁን ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ በውስጣቸው አይቀበሉም። አንድ እንዲህ ያለ ዲስክ የሚችለው ትንሽ ከፍ ያለው ሣጥን ነው።

ለ/ አዲስ ሚኒ ኮምፒውተር። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ የወጣው የኢንቴል ኤን 100 ፕሮሰሰር የተገጠመላቸው ትንንሽ ኮምፒውተሮች መብራት ቆጣቢዎች ከመሆናቸውም በላይ ኤ ቪ 1ን ያነባሉ። አዲስ ዕቃ ለሚፈልግ ደንበኛ የሚመከሩት እነዚህ ናቸው።

ሐ/ ራስበሪ ፓይ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ራስበሪ ፓይ 5 ፊልሙን እንዳለ ለማቀበል ይበቃል። ነገር ግን ቪዲዮ መጭመቂያ ክፍል ስለሌለው ለትራንስኮዲንግ አይሆንም።

መ/ ናስ የሚባለው የዲስክ ሣጥን። ስሙ ከብረቱ ጋር ቢመሳሰልም ይህ በአውታር የሚሠራ፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ዲስኮች የሚሰኩበት መሣሪያ ነው። ሲኖሎጂና ኪውናፕ በዚህ የታወቁ ናቸው። አጠቃቀማቸው ቀላል ነው፤ ዋጋቸው ግን ከፍ ያለ ነው። ዋጋው ስለ ጨመረም ለፊልም የተሻለ ነው ማለት አይደለም። ለምሳሌ የሲኖሎጂ ዲ ኤስ 923 ፕላስ የተሠራበት የኤ ኤም ዲ ፕሮሰሰር የምስል ክፍል የለውም፤ ስለዚህ ፋይል ለማኖር ጠንካራ ቢሆንም ፊልም ለመተርጎም የሚረዳ መሣሪያ በውስጡ የለበትም።

ሠ/ አሮጌ ላፕቶፕ። በቤት ያለ ከሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ መልካም ነው፤ ባትሪው ራሱ እንደ መብራት መጠበቂያ ያገለግላል። ባትሪው ያበጠ ከሆነ ግን አደጋ ስለሚያስከትል መነሣት አለበት።

ረ/ ከትልልቅ ድርጅቶች የወጣ ሰርቨር። «ሰርቨር» የሚለውን ስም በማየት ብዙ ሰው የሚመኘው ይህ ነው። ሆኖም ለቤት ፈጽሞ አይመከርም። ትንሽ የቢሮ ኮምፒውተር ከአንድ ዲስክ ጋር በአማካይ 15 ዋት ቢወስድ፤ በወር 10.8 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። 150 ዋት የሚወስድ አሮጌ ትልቅ ሰርቨር ግን በወር 108 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። የመብራት ታሪፋችን ፍጆታው በጨመረ መጠን በእርከን ከፍ የሚል ስለ ሆነ፤ ይህ ጭማሪ ለቤቱ ሌላ ፍጆታ የሚከፈለውንም ወደ ላይ ይገፋዋል። ከዚህም ሌላ ድምፁ እንቅልፍ ይነሣል፤ ክብደቱም በጭነት ኪራይ ላይ ይጨመራል።

5ኛ/ ዲስኩ፤ የቤቱ ሀብት ማኖሪያ

በሰከንድ 8 ሚሊዮን ቢት የሚፈስ የሁለት ሰዓት ፊልም 7.2 ጊጋባይት ያህል ቦታ ይይዛል። እንግዲህ ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ እንዲህ ያሉ 555 ፊልሞች ይይዛል ማለት ነው። ዲስኩ በዊንዶውስ ሲከፈት 3.63 ቢል ደንበኛው እንዳይቆጣ አስቀድሞ ይነገረው። ፋብሪካው በሺህ፣ ዊንዶውስ ግን በ1,024 ስለሚቆጥሩ ነው እንጂ የጎደለ ነገር የለም።

ለፊልም ማኖሪያ ተሽከርካሪው ሃርድ ዲስክ ይበቃል፤ በአንድ ጊጋባይት ሲታሰብም ከኤስ ኤስ ዲ ይረክሳል። የሃርድ ዲስክ መግነጢሳዊ ራስ በአየር ላይ ተንሳፎ የሚሠራ ስለ ሆነ፤ አየሩ በሚሳሳበት ከፍታ ወሰን አለው። ፋብሪካዎች በአብዛኛው የሚጽፉት ወሰን 3,048 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ስለሆነች በወሰኑ ውስጥ ናት። ነገር ግን ስስ አየር ሙቀትን በሚገባ ስለማይወስድ፤ ዲስኩን በታሸገ ቁም ሣጥን ውስጥ ማኖር አይገባም። ወደ ደጋ ከተሞች ለሚልክ ነጋዴ ይህን ወሰን ማየት ይጠቅመዋል።

በዲስክ ንግድ ሦስት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ።

አንደኛ፤ የአጻጻፉ ዓይነት ይለይ። ኤስ ኤም አር የተባለው አጻጻፍ መስመሮቹን እንደ ጣራ ክፈፍ ደራርቦ ስለሚጽፍ፤ እንደገና ሲጻፍበት ይዘገያል። ሲ ኤም አር የተባለው ግን አይደራርብም። እ.ኤ.አ. በ2020 ዌስተርን ዲጂታል ለናስ ብሎ በሚሸጣቸው በአንዳንድ «ሬድ» ዲስኮች ውስጥ ኤስ ኤም አርን ሳይገልጽ ማስገባቱ ታውቆ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። በኋላም «ሬድ ፕላስ» የሚለውን ስም ለሲ ኤም አር ለይቶታል። ለብቻው ለሚሠራ የፊልም ዲስክ ኤስ ኤም አር አይከፋም፤ በርካታ ዲስኮች ተጣምረው ለሚሠሩበት ግን ሲ ኤም አር ይመረጣል።

ሁለተኛ፤ ያገለገለው እንደ አዲስ እንዳይሸጥ ይታይ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ በአውሮፓ ገበያ ያገለገሉ የሲጌት ዲስኮች የሥራ ሰዓታቸው ተደምስሶ እንደ አዲስ ሲሸጡ ተገኝተዋል። ዲስኩ የሠራበትን ሰዓትና የተበላሹ ክፍሎቹን ብዛት የሚመዘግበውን «ስማርት» የተባለውን ማስታወሻ፤ በነፃ በሚገኝ ፕሮግራም ከደንበኛው ፊት አንብቦ ማሳየት የሱቁን ስም ያስከብራል። ማስታወሻው ራሱ ሊደመሰስ የሚችል መሆኑ ስለ ታየም፤ አስመጪው ከታወቀ አከፋፋይ መግዛቱ ዋነኛው ዋስትና ነው።

ሦስተኛ፤ ሐሰተኛ መጠን ይጠበቅ። በኪስ የሚያዝ፣ «16 ቴራባይት» የተጻፈበት፣ ዋጋው ግን ከአንድ ፍላሽ የማይበልጥ ዕቃ ሐሰት ነው። በኪስ ከሚያዙት ባለ 2.5 ኢንች ሃርድ ዲስኮች ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2024 ትልቅ ተብሎ የወጣው 6 ቴራባይት ነው። ሐሰተኛው ዕቃ ለኮምፒውተሩ መጠኑን አግንኖ ይናገራል፤ እውነተኛው ቦታ ሲሞላም አዲሱን በአሮጌው ላይ ይጽፋል። ደንበኛው ጉዳቱን የሚያውቀው ከብዙ ጊዜ በኋላ፤ የሠርጉን ቪዲዮ ከፍቶ ሲያጣው ነው። ኤች 2 ቴስት ደብልዩ ወይም ኤፍ 3 በተባሉት የነፃ ፕሮግራሞች ዲስኩን ሞልቶ መልሶ በማንበብ ሐሰቱን ማጋለጥ ይቻላል። አስመጪው ከአንድ ካርቶን ጥቂቱን እንኳ ሳይፈትን ባይረከብ ይሻላል።

6ኛ/ ገመድና ዋይ ፋይ

በሰከንድ 8 ሚሊዮን ቢት የሚፈስ ፊልም በሦስት ቴሌቪዥኖች በአንድ ጊዜ ቢታይ 24 ሚሊዮን ቢት ብቻ ነው። ስለዚህ ባለ 100 ሚሊዮን ቢት ተራ መስመር እንኳ ይሸከመዋል። የ4ኬ ዲስክ ፊልም ሳይቀነስ ከተቀመጠ ግን እስከ 128 ሚሊዮን ቢት ሊደርስ ይችላል። የብዙ ቴሌቪዥኖች የገመድ መሰኪያ 100 ሚሊዮን ቢት ብቻ ስለ ሆነ፤ ለእንዲህ ያለው ፊልም 5 ጊጋኸርዝ ዋይ ፋይ የተሻለ ሊሆን ይችላል።

ሰርቨሩ ራሱ ግን ሁልጊዜ በገመድ ከራውተሩ ጋር ይያያዝ። እንደ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ባሉ የብሎኬትና የኮንክሪት ቤቶች ዋይ ፋይ በግድግዳ ይደክማል። ባለ 5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ አይወድም፤ ባለ 2.4ቱ ግድግዳውን ቢያልፍም ዝግተኛ ነው፤ ከጎረቤቶች ዋይ ፋይ ጋርም ይጋጫል። ካት 5ኢ የተባለው ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ 1,000 ሚሊዮን ቢት ስለሚሸከም ለቤት ይበቃል። ገመዱን ሲገዙ ልቡ ሙሉ መዳብ መሆኑን መመርመር ያስፈልጋል። በገበያ ላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ስላለ፤ ጫፉን በቢላዋ ፋቅ ቢያደርጉት ከውስጡ ነጭ ሆኖ ይታያል።

7ኛ/ መብራት ሲጠፋና ሲመጣ

የዲስክ ትልቁ ጠላት ድንገተኛ የመብራት መጥፋትና ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው። ብዙ ደንበኛ ስታብላይዘር ካለው የተጠበቀ ይመስለዋል። ስታብላይዘር ቮልቴጁን ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ አያቆይም። የሚያቆየው ባትሪ ያለው ዩ ፒ ኤስ ነው።

ትንሽ መሣሪያ የመምረጥ ጥቅም እዚህም ላይ ይታያል። በትንንሽ ዩ ፒ ኤሶች የሚገኘው ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ በስሌት 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። ግማሹ በልዩ ልዩ ምክንያት ቢባክን እንኳ፤ 15 ዋት የሚወስድ ሰርቨርና 10 ዋት የሚወስድ ራውተር በቀረው ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ሊሠሩ ይችላሉ። ባለ 150 ዋቱ ትልቅ ሰርቨር ግን ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ይቆያል። በዩ ኤስ ቢ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገር ዩ ፒ ኤስ ቢመረጥ፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩ በሥርዓት ራሱን ይዘጋል። መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲነሣ ደግሞ ከባዮሱ ውስጥ ማስተካከል ይቻላል።

ለአስመጪው ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለን። የዩ ፒ ኤስ የእርሳስ ባትሪ በመጋዘን ሳይሞላ ሲቆይ ይሞታል። በየስድስት ወሩ ያህል መሞላት ስላለበት፤ ከሚሸጠው በላይ ማዘዝ ኪሳራ ነው።

8ኛ/ ቅጂ ያልተያዘለት ሀብት

ዲስክ መሞቱ አይቀርም፤ የማይታወቀው ቀኑ ነው። ሁለት ዲስኮች ተጣምረው አንዱ የሌላውን መልክ የሚይዙበት ሬይድ የተባለ አሠራር አለ። ይህ አንዱ ዲስክ ቢሞት ሥራው እንዳይቋረጥ ይረዳል፤ ነገር ግን በስሕተት የተሰረዘው ከሁለቱም ይሰረዛል፤ ሌባም ሣጥኑን ሲወስድ ሁለቱንም ይወስዳል። ስለዚህ ሬይድ የቅጂን ቦታ አይተካም። የታወቀው ደንብ፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማኖሪያ፣ ከሦስቱም አንዱ ከቤት ውጭ የሚል ነው።

ለሁሉም ፊልም ይህን ማድረግ አያስፈልግም። መልሶ የማይገኘውን፤ ማለት የቤተሰቡን ፎቶግራፍ፣ ቪዲዮና ድምፅ ብቻ ለይቶ በሁለተኛ ዲስክ ገልብጦ በዘመድ ቤት ማኖር ይበቃል። የደንበኛው ገንዘብ ለአንድ ትልቅ ፕሮሰሰር ወይም ለአንድ ሁለተኛ ዲስክ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፤ ባለሱቁ ያለ ማመንታት ሁለተኛውን ዲስክ ይምከረው።

9ኛ/ ስለ ፕሮግራሙ

በሰርቨሩ ላይ ከሚጫኑት ፕሮግራሞች ውስጥ ጄሊፊን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2018 ከኤምቢ ተገንጥሎ የወጣ ሲሆን፤ ክዊክ ሲንክን መጠቀምን ጨምሮ ሁሉንም በነፃ ይሰጣል። የተጠቃሚው ስምና የይለፍ ቃልም በቤቱ ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጥ ኢንተርኔት ቢቋረጥ አይቸገርም። ፕሌክስ መልኩ ያማረና በብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ የሚገኝ ነው፤ ነገር ግን በመሣሪያው መተርጎሚያ ለመጠቀም ክፍያ ይጠይቃል። ከሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮም የራስን ፊልም ከቤት ውጭ ሆኖ ለማየት ክፍያ አስፈላጊ ሆኗል። ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ስለ ሆነ ለብዙ ደንበኛ ጄሊፊን ይቀላል።

10ኛ/ ለነጋዴው የሚበጀው

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ሲጠቃለል፤ አስመጪው ትልቅ ሰርቨርን ትቶ ሰባተኛና ከዚያ በላይ ትውልድ የሆኑ ትንንሽ የቢሮ ኮምፒውተሮችን፣ የታመነ ምንጭ ያላቸውን ባለ 4 እና ባለ 8 ቴራባይት ዲስኮች፣ ትንንሽ ዩ ፒ ኤሶችንና ሙሉ የመዳብ ገመድን ቢያስመጣ ይሻለዋል። ዋይ ፋይ ላላቸው ራውተሮችና መሰል ዕቃዎች ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የዓይነት ማረጋገጫ ስለሚያስፈልግ፤ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ጉዳዩን መጨረስ ይገባል።

ባለሱቁ ደግሞ ሦስት ጥያቄዎችን ለደንበኛው ያቅርብ። «ስንት ሰው በአንድ ጊዜ ያያል? ቴሌቪዥንዎ ስንት ዓመቱ ነው? መልሶ የማይገኝ ምን አለዎት?» የመጀመሪያው ጥያቄ መስመሩንና ፕሮሰሰሩን፣ ሁለተኛው ኮዴኩን፣ ሦስተኛው የቅጂውን ዲስክ ይወስናል።

ዲስኩን በሰው ፊልምና ዘፈን ሞልቶ መሸጥ ግን የባለቤቶቹን መብት የሚነካ ተግባር ስለ ሆነ፤ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያስጠይቃል። ዲስኩ ባዶውን ይሸጥ። በዚህ ፈንታ ሕጋዊ የሆነና ፈላጊ ያለው ሥራ አለ። በየቤቱ የሠርግና የልደት ቪ ኤች ኤስ ካሴቶች ተቀምጠዋል። የካሴት ማጫወቻን በመጨረሻ ያመርት የነበረው የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2016 ምርቱን አቁሟል። ደህና ማጫወቻ ያለው ባለሱቅ የደንበኛውን የራሱን ካሴት ወደ ዲስክ እየገለበጠ፤ ከሰርቨሩና ከቅጂው ዲስክ ጋር ቢያቀርብ ገንዘብም ምስጋናም ያገኝበታል። ካሴቶቹ ከዓመት ዓመት እየደከሙ ስለሚሄዱ ይህ ሥራ ለነገ የሚባል አይደለም።